እማዬን ከብርድ የጠበቅሁበት ሳምንት

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ቢቸና የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ የጫማዬ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ወንድሜ «አንቺ እኮ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ልናገርና በዚህ ጠባዬ ኩራት ነበረኝ። ጠንቃቃ ሰው ካልተቆጣ ማን ይሰማዋል? እል ነበር። አሁን እንዲያ አልልም። ለምን እንደተውሁት ልናገር፤ ነገሩን ባነሣሁት ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ክው እላለሁ።

ኮሮና አገራችን የገባ ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቢቸና ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለና አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ማረፉ ተነገረኝ። በበሽታው አይደለም፤ ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይቶ ነው የሄደው። አለቀስሁለት። እንባዬ ሳይደርቅ ግን ሐሳቤ ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ።

እማዬ ሞጣ ነው የምትኖረው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሰባ ዓመቷን አልፋለች፤ አስምም አለባት። ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ከወር በፊት ሐኪም ዘንድ ወስጃት፣ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና «ይቺን እናት ይህ በሽታ ከያዛት ሳንባዋ አይችለውም፤ ጠብቋት» ብሎኛል። ለቅሶ ደግሞ ለቅሶ ነው። ሞጣ ውስጥ ሐዘን ገብቶበት ሰው የማይገባበት ቤት የለም። መንግሥት ቢከለክል፣ ቄስ ቢመክር፣ ሰው ይመጣል፤ ያቅፋል፣ ይስማል፣ ላይሽ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። «እማዬን ይገድሉብኛል!» አልሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ቦርሳዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሳሙናና አልኮል በዝቶ ነበር።

ከመነኸሪያ ሚኒባስ ያዝሁ። ሕጉ «በግማሽ ጫን» ይላል። ከተማውን እስክንወጣ በግማሽ ሄድን፤ ከኬላው ወዲያ ረዳቱ እየለቀመ ጠቀጠቀን። እኔ ማስኬን ከዓይኔ ሥር እስካገጬ ለጥፌ፣ የጎረቤቴን ክርን እየገፋሁ፣ ሰው የነካኝ በመሰለኝ ቁጥር እጄን በአልኮል እያሸሁ ተቀምጫለሁ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ። ያኔ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት መስኮቱን ከፈት አደረገው። ነፋሱ ጆሮ ግንዴን አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዝጋው!»

«እትዬ፣ አየር ይግባ ብዬ ነው። የጤና ተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ታፍነን መሄድ ጥሩ አይደለም።»

«ድንቄም ተማሪ! ምች አስመትተህ ልትገድለን ነው? ዝጋው ብዬሃለሁ!»

መኪናው በሙሉ ከእኔ ጋር ተነሣ። «ዝጋው እንጂ!» «ብርዱ አጥንቴ ገባ!» «ልጁ ጤናም የለው እንዴ?» አገራችን እንዲህ ነው። ሰው ይጠበስ፣ ሰው ይታፈን፣ ብቻ ነፋስ አይንካው። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ዘጋው። ጉንደ ወይን ስንደርስ መስታወቱ በሙሉ በትንፋሻችን አልቦት ውጭው አይታይም። ከጎኔ ያለችው ሴት ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ «ጉንፋን ናት፤ አይዞሽ» አለችኝ። እኔም ወዲያው እጄን በአልኮል አሸሁ። ሞጣ የወረድሁት ያንን ልጅ ልክ አግብቼዋለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው።

ግቢያችን ስደርስ ዕድርተኞቹ ድንኳን ተክለዋል። ጎንና ጎኑ ተገልጧል፤ አግዳሚው ወንበር እስከ አጥሩ ተዘርግቷል። እማዬ ፍራሽ ላይ ጋቢ ተከናንባ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ነፋሱ የጋቢዋን ጫፍ ያነሣዋል። ስታየኝ እጇን ዘረጋች። እኔ ግን ገና እሷ ጋ ሳልደርስ መጮህ ጀመርሁ።

«ኧረ በስመ አብ! ምን ነካችሁ? አስም ያለባትን ሴት በሐምሌ ብርድ ደጅ ታስቀምጣላችሁ?»

የዕድሩ ዳኛ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እንኳን ደረስሽ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰውም ብዙ ነው። እዚህ ይሰፋል ብለን ነው» አሉ።

«ብርድ መትቶ ቢጥላትስ እርስዎ ይጠየቁልኛል?»

 ሰው በሐዘን ቤት ከሐዘንተኛ ልጅ ጋር አይከራከርም። ዝናብ እየመታቸው አግዳሚውን ሁሉ ተሸክመው ወደ ቤት አስገቡልኝ። እኔ ያን ዕለት ያደረግሁትን ዛሬ አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ፤ ያኔ ግን ሙያ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ።

የእማዬ ቤት አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው፤ ማድቤቱ ከጓዳው ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሉ ሁለት የእንጨት መስኮቶች አሉት። ሁለቱንም ዘጋሁ። አንደኛው አይገጥምም ነበር፤ በስንጥቁ ጨርቅ ጠቅጥቄ በላዩ የማዳበሪያ ጆንያ በሚስማር መታሁበት። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልሁ። ከዚያ ወደ ቤቱ ደጃፍ ወጣሁና ዘብ ቆምሁ። ጀሪካን ውኃ፣ ሳሙና፣ አልኮል። «ታጠቡ! አትሳሳሙ! እጅ መጨባበጥ የለም፤ ከወገብ ዝቅ ብላችሁ እጅ ንሡ! ማስክ የሌለው አይገባም!» አሮጊቷም ሽማግሌውም እሺ ብለው ታጠቡ። «ጎበዝ ልጅ፤ እንዲህ ያለችውን ይስጥ» እየተባባሉ አለፉ። እየታጠቡ ገብተው፣ በዚያ በተጠቀጠቀ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ተቀመጡ።

ሙሾው ቀጠለ። አጎቴ ወዳጁ ብዙ ነው። አንዷ ታወጣለች፤ ሠላሳ ሰው ይቀበላል። ማስኩ ለማልቀስ አይመችምና ሁሉም አውርዶታል። ክፍሉ ሞቀ፣ ግድግዳው ወዛ። እኔ በደጅ እየቆምሁ ያ ሙቀት በበሩ ብርድ ልብስ ሥር ወጥቶ እግሬ ላይ ሲያርፍ «እሰይ፣ እማዬ ሞቃት» እል ነበር።

ከሰዓት ላይ ልጠይቃት ገባሁ። ፊቷ ቀልቷል።

«ልጄ፣ ያቺን መስኮት ትንሽ ብትከፍቻት። አየር አጠረኝ።»

«ዝም በይ እማዬ፣ ብርድ ነው። ላብሽ ላይ ከመታሽ አለቀልሽ።»

«እሺ» አለች። እማዬ ከልጆቿ ጋር አትከራከርም።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ከገጠር በእግሩ መጣ። የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሲያገባም ሚዜው የነበረ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ። በሩ ጋ ደርሶ ገና «ወንድሜ» ብሎ ማልቀስ ሲጀምር ሳል ያዘው። ዘለልሁና መንገዱን ዘጋሁ።

«አይገቡም!»

«የኔ ልጅ፣ ጭስ ነው። እኛ ቤት ክረምቱን ሙሉ እሳት ዳር ነን።»

«ጭስም ይሁን ሌላ፣ እናቴ አስም አለባት። አይገቡም አልሁ!»

ሰው ሁሉ ያያል። ሰውዬው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሞ፣ ዝናቡ ጀርባውን እየመታው፣ ግድግዳውን በእጁ ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ከውጭ ሆኖ «እቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። እማዬ ከውስጥ በስሙ ጠርታ መረቀችው። ቁራሽ ሳይቀምስ ተመለሰ። ሴቶቹ «አበጀሽ! እናት እንዲህ ነው የምትጠበቅ» አሉኝ። እኔም አምኜ ተቀበልኋቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ያን ሁሉ ሰው ማስክ አድርግ እያልሁ ስጮህ፣ ማታ እንግዳው ሲሄድ የራሴን አውልቄ ግድግዳው ላይ እሰቅለው ነበር። ከእናቴ ጋር ምን ማስክ ያስፈልገኛል? አልጋዋ ላይ አብሬያት እተኛለሁ፤ እንዳይበርዳት ጀርባዋን አቅፌ። በሽታ ከሰው ይመጣል እንጂ ከእኔ ይመጣል ብዬ አንዲት ቀን አስቤ አላውቅም። የሚገርመኝ ይኸ ነው። ያን ያህል የተማርሁ፣ ልጆች የማስተምር ሴት፣ አንዲት ቀን!

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ዕድርተኞቹ አግዳሚያቸውን ወሰዱ። እማዬና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሰውነቴ ዝሏል፤ ራሴን ይከብደኛል። ዝናብ ላይ የቆምሁበት ነው፣ ብርድ ነው ብዬ ተውሁት። ዓርብ ቀትር ላይ የምስር ወጥ ጥጄ፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ለእማዬ በማር የምሰጣትን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እልጣለሁ።

እማዬ ከአልጋዋ ላይ ተጣራች። «አንቺ! ወጡ አረረ እኮ!»

«የት?» አልሁ።

ዞር ስል ድስቱ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ክዳኑን አነሣሁ፤ ምስሩ ከሥሩ ከስሏል። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሽታው ግን የለም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ በደንብ ሳብሁ። የለም። እጄ ላይ ያለውን ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬ ሥር ደፈጠጥሁት። ምንም!  አልኮሉን አንሥቼ መዳፌ ላይ አፈሰስሁት፤ ቀዝቃዛነቱ ይሰማኛል፣ ውኃ እንጂ አልኮል አይመስልም። ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! እዚያው በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሬዲዮው ስንት ጊዜ ተናግሮታል፤ ማሽተት የጠፋበት ሰው ይመርመር፣ ከሰው ይለይ እያለ። ያን ስሰማ የሌላ ሰው ነገር ነበር የመሰለኝ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አለች እማዬ ከወዲያ።

«ምንም። ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

«እዚህ ድረስ የሸተተኝን አንቺ አጠገቡ ሆነሽ?»

 በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ስንት ጊዜ ተርቼበታለሁ! እኔው ደበቅሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ፈራሁ፤ ከሞት ይልቅ ሐፍረት ፈራሁ። ያን የሚያስል ሰውዬ ዝናብ ላይ ያቆምሁ፣ የዕድሩን ዳኛ ያዋረድሁ፣ ሞጣን በሙሉ ያስታጠብሁ ሴት፣ በሽታው ያለው እኔ ዘንድ ነው ብዬ በየት አፌ ልናገር? ያን ማታ «ስተኛ እንቅልፍ እነሣሻለሁ» ብዬ ፍራሼን መሬት ላይ አነጠፍሁ። ማስክም አደረግሁ። ማስኩ ለምንድን ነው ስትለኝ «ጉንፋን ቢጤ ነው» አልኋት። መስኮቱን ግን አልከፈትሁትም። እንደዚያ ሆኜም፣ ያን ሁሉ እያወቅሁም፣ ብርዱን ነበር የምፈራላት። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አየር እየተቀባበልን፣ አራት ቀን ተቀመጥን።

እሑድ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ነበርሁ። ከአልጋ የወረደችው አንድ ጊዜ ነው፤ ሽንት ቤት ለመሄድ፣ ያውም በእኔ ክንድ ተደግፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ስነሣ እማዬ ተቀምጣ ነው ያነጋችው። ትንፋሽ እየቆራረጣት ነው። ግንባሯን ስነካው እሳት። ሮጬ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራኋት። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሠፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። መጣችና በሩን ከፍታ አንድ እግሯን እንዳስገባች ቆመች።

«ወይ ጉድ! ይህ ቤት ለምን እንዲህ ታፈነ? ማነው የዘጋው?»

«እኔ» አልሁ። «ብርድ...»

መልሴን አልጠበቀችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ጆንያውን ከነሚስማሩ ቦጭቃ ጣለችው። ጨርቁን ጎልጉላ አወጣች። ሁለቱንም መስኮቶች ከፈተች፤ የበሩን ብርድ ልብስ አወረደች። ነፋሱ ከወዲያ ገብቶ በወዲህ ወጣ። እኔ እማዬን ላለብስ ተንደረደርሁ።

«ልብስ ደርቢላት፤ መስኮቱን ግን እንዳትነኪ!» አለችኝ። ቀጥላ «ለቅሶውን የት ነው የተቀመጡት?» አለች።

«እዚሁ። ድንኳኑ ይበርዳል ብዬ አስገባኋቸው። ግን አስታጥቤያለሁ፤ ሁሉንም፣ በሳሙና፣ በአልኮል...»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ልጅነቷ «ቲቸር» ብላ ጠራችኝ። «ቲቸር፣ በርበሬ ሲታመስ በሩና መስኮቱ ዝግ ከሆነ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አያስልም? በርበሬውን ያልነካውስ አያስልም? እጁን ቢታጠብ ይድናል? ይህም እንደዚያ ነው። ከሰው አፍና አፍንጫ ይወጣና አየሩ ላይ ይቆያል። ማዳኛው መክፈት ነው፤ ደጅ መውጣት፣ መራራቅ፣ ማስክን ሳያወርዱ ማድረግ። እጅ መታጠቡ መልካም ነው፤ ትንፋሽ ግን በእጅ አይታጠብም።»

በርበሬ! እኔ እኮ በየዓመቱ እዚሁ እማዬ ቤት መጥቼ በርበሬ ሳሳምስ በሩን ወለል አድርጌ ነው። እማዬን ጎረቤት እልካታለሁ፤ አስሟ እንዳይነሣ። ይህን እያወቅሁ!  አግዳሚውን ያስገባሁት፣ ድንኳኑን ባዶ ያስቀረሁት፣ ጆንያውን በሚስማር የመታሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ መጣ። ያ የሚኒባሱ ልጅም መጣ። ሲስተር የእማዬን ጣት የኦክስጅን መለኪያ ውስጥ አስገብታ ታያለች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ቤት ውስጥ ከእሷ በፊት የታመመ ሰው አለ? ያተኮሰው? ማሽተት የጠፋበት?»

እማዬ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«የለም» አልሁ።

እንዲህ ብዬ ተናገርሁ። ከአፌ የወጣው ይኸ ነው። ለምን እንዳልሁት ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅሁ። እማዬ ለአፍታ አየችኝና ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰችው።

ሆስፒታል ወሰድናት፤ ኦክስጅን ተደረገላት። በማግስቱ ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ ደረሰ። ማስክ ደርበን፣ ሆስፒታሉ የሰጠንን ጋውን አስረን እኔና እሱ አልጋዋ አጠገብ ቆምን። እሱ የኔን ያህል ቁጡ አይደለም፤ ያን ቀን ግን እንደ እኔ ሆነ።

«ማነው ያመጣባት? ሰው ነግሮኛል። ያ ከገጠር የመጣው፣ ሲያስል የነበረው ሰውዬ ነው! በሕግ ነው የምጠይቀው፤ አልለቀውም!»

  ሰውዬው ቤት አልገባም፤ ከደጅ አልቅሶ ነው የሄደ። ይህን ብናገር ቀጥሎ «ታዲያ ማነው?» ይመጣል። ወንድሜ ያየኛል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሰው ያለ ጥፋቱ ሊከሰስ ነው፤ እኔ ዝም ብያለሁ። በራሴ እንዲህ የደነገጥሁበት ቀን የለም።

እማዬ እጇን አነሣች። የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ ላይ ፈቀቅ አደረገችው።

«ልጄ፣ እሱን ተወው። እሱ አልገባም» አለች። እየተቆራረጠች ነው። «እኔ ነኝ። እሑድ ለት... እሷ ተኝታ ሳለች... ሹልክ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ከሰው ተጋፋሁ። ማስክም አላደረግሁ።»

«እማዬ!» አለ ወንድሜ። «ሐኪሙ ያን ያህል ተናግሮ!»

«ጥፋቴ ነው። እኅትህን እንዳትናገራት። እሷ አልሰማችም።»

ጭንብሉን መልሳ ገጠመችው። እኔን አላየችኝም። ወንድሜ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። ከአልጋ ሽንት ቤት በእኔ ክንድ የሄደች ሴት፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዳገት፣ ቤተ ክርስቲያን! ማንም ሰው ቢያስበው የማይመስል ነገር ነው። እሱ ግን የሚኖረው ማርቆስ ነው፤ አመነ። እማዬ በሕይወቷ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሆነን ስኳር ሰርቀን ስንክድ ከሌባ ይልቅ ዋሾ ነበር የምትገርፈው። እውነቱን ልናገር ነበር፤ እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። «ወንድሜ» ብዬም ጀመርሁ። «ተይ፣ አንቺማ ምን ያላደረግሽው አለ» ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔም ዋጥሁት። ይኸው ዛሬ ሲያነበው ይስማው።

በማግስቱ እማዬ የነፍስ አባቷን አስጠራች። አረጋዊ ካህን ናቸው። ሲስተር ማስክ አደረገችላቸው፣ መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔና ወንድሜ ኮሪደር ላይ ቆየን። ብዙ አልቆዩም። ሲወጡ መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ አረፈች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፌ ሰረዝሁት። ሌላ የሚጻፍበት መንገድ የለውም። ጠብቂያት ተብዬ ነበር፤ እኔው ነኝ ያመጣሁባት፣ እኔው ነኝ ያፈንሁባት። ከሚኒባሱ ይሁን ከለቅሶው እኔን የት እንደያዘኝ አላውቅም፤ ከእኔ ወደ እሷ መሄዱን ግን አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር።

ለቅሶዋ ደጅ ሆነ። የዕድሩ ዳኛ ያንኑ ድንኳን ተከሉ፤ ሲስተር ቆማ አግዳሚዎቹን አራራቀቻቸው። ሽማግሌው አንዲት ቃል አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ በወደድሁ! ሰው ጥቂት ጥቂት እየሆነ መጣ፤ አልቅሶ ሄደ። የእማዬ ጽዋ ማኅበርተኛ የሆነች፣ ነገሩን ከወንድሜ የሰማች ሴት ራቅ ብላ ተቀመጠችና ራሷን እየነቀነቀች አጽናናችኝ።

«ምን ይደረግ፣ የኔ እኅት። ያቺ እሑድ ለት መሄዷ ነው እንጂ። አንቺማ ከብርድ ከሰው ጠብቀሻት ነበር። እሷ ናት አልሰማ ያለች። አይደለም?»

ወንድሜ አጠገቤ ነው። ሰው ሁሉ ይሰማል። እናቴ ሞታ ገና አፈሯ ሳይደርቅ በሠፈሯ ሰው ፊት ጥፋተኛ ሆናለች።

«አዎ» አልሁ።

በሰልስቱ ሰው ከተበተነ በኋላ የነፍስ አባቷ መጡ። ወንድሜ ዕድርተኞቹን ሊሸኝ ወጥቷል። አልተቀመጡም። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩኝ።

«እናትሽ ሳታርፍ ቀኖና ተቀብላ ነበር። ለመስገድ አቅም አልነበራትም። ሳትፈጽመው ብትሞት ስግደቱን ለልጇ አደራ ብላኛለች።»

«ለወንድሜ ነው ወይስ ለእኔ?» አልኋቸው። 

«‹ሴቷ ልጄ› ነው ያለችኝ። አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። ስለ ምን ኃጢአት እንደሆነ ግን አልነግርሽም፤ እንዳትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኋቸውም።